የኤዝራ ሆልጌት እጆች

የአባቴን እጆች በከተማችን በብሌክሾ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ በግራጫ የሐር ጓንት ይሸፍናቸዋል፤ እሑድ ጸሎት ቤት ሲገባ ግን ጓንቱን ጣት በጣት ያወልቅና እጆቹን ከፊቱ ባለው መደገፊያ ላይ ዘርግቶ ያስቀምጣቸዋል። ቆዳቸው የተኮማተረ፣ እንደ ሰም የሚያብረቀርቅ፣ ትንንሾቹ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው የቀሩ። ሰባኪው ስለ መሥዋዕትነት ባነሳ ቁጥር የምእመኑ ዓይን ወደ እኛ ወንበር ይዞራል። እኔም ከአጠገቡ ሆኜ ደረቴን እነፋ ነበር። ሠራተኞቹን ለማዳን ብሎ የተቃጠለው ሰው የእኔ አባት ነው።

ዛሬ አርባን ተሻግሬያለሁ። ያ የተነፋ ደረቴ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያገኘሁትን ዕቃ አንስቼ ግድግዳ ላይ መወርወር ያምረኛል።

አያቴ አሞስ ሆልጌት ሸማኔ ነበር። ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ውስጥ ሸምኖ፣ የሸመነውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ኮረብታውን በእግሩ ተሻግሮ ማንችስተር ይሸጥ ነበር። ሲሞት ባለ አምስት ፎቅ ፋብሪካና አንድ ትልቅ ሥዕል ትቶ ሞተ። ሥዕሉ የምግብ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አያቴ ውድ ኮት ለብሶ፣ ከሥሩ ግን ሸማኔ ሳለ የሚያደርገውን የእንጨት ጫማ ተጫምቶ ቆሟል። አባቴ ቢላዋውን ከማንሳቱ በፊት ቀና ብሎ ያየውና «በእኔ እጅ አትወድቅም» ይላል። እኔ ስለ ሥዕሏ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከግድግዳው ተነቅላ እጁ ላይ እንዳታርፍ እሰጋ ነበርና ሚስማሯን ደጋግሜ አያለሁ።

አባቴ የሚያወራው ስለ ፋብሪካው ነበር። አባቱ በትከሻው የገነባውን እሱ ያፈረሰው እንዳይባል ሲፈራ ኖሮ ሲፈራ ሞተ። ፍርሃቱን ማንም እንዲያይበት አልፈለገም፤ ዋጋውን ግን ሌላ ሰው ከፈለለት።

ቤታችን ከፋብሪካው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። በመካከላችን ያለው ኩሬ የሞተሩ ውሃ የሚቀዘቅዝበት ነው፤ በክረምት ሲጨስ ዳክዬዎቹ ጭጋግ ውስጥ ይጠፋሉ። ስምንት ዓመት ሊሞላኝ በተቃረበበት የጸደይ ወራት ወደ ሕንድ፣ ወደ ካልካታ የሚላክ ትልቅ የጨርቅ ሥራ መጣና ፋብሪካው ያለ ልክ መሮጥ ጀመረ። ወለላችን በእግሬ ሥር ይነዝራል። እናቴ ሻይ ስትቀዳ ሲኒው ማስቀመጫው ላይ ይንቀጠቀጣል። አባቴ ጆሮውን አዘንብሎ ይሰማና ፈገግ ይላል።

ከእነዚያ እሑዶች ባንዱ፣ ከጸሎት በኋላ፣ ናታን ክሌግ በጓሮ በር መጣ። ናታን የቦይለሩን እሳት የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ቅንድቡ በእሳቱ ተለብልቦ አልቋል። በጸሎት ቤታችን መዘምራን ውስጥ እንደ እሱ ወፍራም ድምፅ ያለው አልነበረም፤ ሲዘምር የተቀመጥኩበት ጣውላ ይንቀጠቀጥልኝ ነበር። መጠጥ ላለመቅመስ በጉባኤው ፊት የማለ ሰውም ነበር። እኔ ከደረጃው ሥር አሻንጉሊቴን እያለበስኩ ነው፤ አባቴና እሱ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጌታዬ፣ እሷ መተንፈስ አለባት» አለ ናታን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። «አፏን አፍነን፣ ከሥሯ እየማገድን፣ እስከ መቼ ነው?»

«አርጅታለች ልትለኝ ነው?»

«ጎኗ ያልባታል። ትናንት ዳሰስኳት፤ እርጥብ ነች።»

«አባቴ ከዚህ በላይ ያሠራት ነበር።»

«አባትዎ ሲያሠሯት ኮረዳ ነበረቻ ጌታዬ።»

አባቴ ሳቀ። ናታንም አብሮት ሳቀ፤ ግን ፈጥኖ አቆመ።

«ይህ ሥራ እስኪላክ ብቻ ነው ናታን። ከዚያ እናሳርፋታለን። አልችልም ካልክ ደግሞ የሚችል በር ላይ ቆሟል።»

«አዲስ ሰው ቢመጣ አያውቃት፣ ይባስ ያስቆጣታል። እኔው ብሆን ይሻላል» አለና ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

እኔ ስለ ዳችስ የሚያወሩ መሰለኝ። ዳችስ ጋሪያችንን የምትጎትት አሮጊት ባዝራ ነች። አፏን ማፈናቸው አናደደኝና በማግስቱ ጠዋት ካሮት ይዤላት ሄድኩ። ጎኗን በእጄ ዳሰስኩት። ደረቅ ነበር። ናታን ተሳስቷል ብዬ ደስ አለኝ።

የሚያወሩት ስለ ቦይለሩ፣ ውሃ አፍልቶ ለሞተሩ እንፋሎት ስለሚሰጠው ትልቅ የብረት ጋን ነበር። ቦይለር ላይ እንፋሎቱ ሲበዛ በራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍስ ክዳን አለ። ክዳኑን ተጭኖ የሚይዝ የብረት ክንድ አለው፤ ክንዱ ላይ የተመጠነ ክብደት ይንጠለጠላል። አባቴ ከተመጠነው ክብደት ላይ ሌላ ብረት አስጨምሮበታል። ክዳኑ ቶሎ አይከፈትም፣ ሞተሩም በኃይል ይሮጣል። ይህን ለማወቅ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀብኝ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ግን ያኔም በየበሩ ነበር።

ቦይለሩ የፈነዳ ጠዋት ከእናቴ ጋር ፒያኖ እየተለማመድኩ ነበር። ድምፁን አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። ወለሉ ከፍ ብሎ ተመለሰ፣ የመስኮቱ መስታወት ወደ ውስጥ ረገፈ፣ ከዚያ ውጭው ሁሉ ነጭ ሆነ። እናቴ በክንዴ ጎትታ በረንዳው ላይ አወጣችኝ። የሞተሩ ቤት አንድ ጎን የለም። ሴቶቹ ሻርፓቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው ከፋብሪካው ይጎርፋሉ፤ የእንጨት ጫማቸው በድንጋዩ ላይ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እነሱ ወደ ውጭ ሲሮጡ አንድ ሰው ብቻ ወደ ውስጥ ይሮጣል።

«አባዬ ነው» አልኳት እናቴን። «ሰው ሊያወጣ ገባ።»

እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ጨምድዳ ይዛኛለች።

ቆይቶ አባቴ ከነጩ ውስጥ ወጣ። ኮቱን አውልቆ አንድ ነገር ጠቅልሎበታል፤ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎታል፣ ክብደቱ አጉብጦታል። ሕፃን ነው ብዬ አሰብኩ። ቁስለኞቹን ጋሪ ላይ እያስተኙ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ጋሪው አልሄደም። በግንቡ ጀርባ ዞሮ ወደ ኩሬው ወረደ። ቃጠሎውን ሊያበርድለት ነው አልኩ ለራሴ። ሲመለስ ኮት የለውም፣ ሕፃን የለውም፣ እጆቹን ከሰውነቱ አርቆ ዘርግቷቸዋል።

«እማዬ፣ ልጁስ?»

«የቱ ልጅ?»

«አባዬ ያቀፈው።»

እናቴ ኩሬውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ዳክዬዎቹ ወደ ማዶ ሸሽተዋል። «ልጅ አልነበረም» አለች። «ዝም በይ።»

ሕፃኑ ሞቶበት ነው፣ ስለዚህ ነው ስሙ እንዳይነሳ የፈለገችው ብዬ አለቀስኩ።

ወጥ ቤት ውስጥ የአባቴን እጆች በዘይት ነክራ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችለት። የቆዳው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። አባቴ ጥርሱን ነክሷል። እናቴ ግን ትጠይቀዋለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ።

«ናታንስ?»

«ግንቡ ወድቆበታል።»

«ስትገባ ሞቶ ነበር?»

አባቴ ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ።

«ኤዝራ፣ ስትገባ ሞቶ ነበር ወይ?»

«እጄን እሰሪልኝ ሊዲያ።»

በዚያች ሰዓት እናቴን ጠላኋት። እንዲህ እያመመው ስለ ሌላ ሰው ታደርቀዋለች አልኩ። ሄጄ በመካከላቸው ቆምኩ፤ ጀርባዬን ለእሷ፣ ፊቴን ለእሱ ሰጥቼ። አባቴ በአገጩ ፀጉሬን ነካልኝ።

ወዲያው ሚስተር ሻርፕልስ መጣ። የፋብሪካው ሥራ መሪ ነው፤ ሪዙ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደ በረዶ ተቀምጧል። አባቴ በአገጩ ወደ ምግብ ክፍሉ አመለከተው። «ብራንዲውን ውሰድ» አለው። እኛ ቤት መጠጥ የለም፤ ለሕመም የተቀመጠች አንዲት ጠርሙስ ብቻ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበረች። እናቴና እሱ ወጡ፤ የቁልፍ መንሿሿት ሰማሁ። ሚስተር ሻርፕልስ ጠርሙሷን ኮቱ ሥር ሸጉጦ ሲመለስ መንገዱ ላይ ጠበቅኩት።

«ለቆሰሉት ነው?»

ራሴን ዳበሰኝ። «አዎ የእኔ ቆንጆ። ለቆሰሉት።»

ደግ ሰው፣ ደግ አባት። ለአሻንጉሊቴ ሳይቀር ነገርኳት።

ናታንና ከግንቡ ጎን ክር ሲያጠነጥኑ የነበሩ ሦስት ልጃገረዶች ሞቱ። ስለ አሟሟታቸው ይፋዊ ምርመራ የተደረገው በከተማው ሆቴል ፎቅ ላይ ነው። ናታን ሰክሮ እሳቱን ከልክ በላይ እንደማገደ፣ ከተሰቀለው ጃኬቱ ኪስም የብራንዲ ጠርሙስ እንደተገኘ ተነገረ። ጸሎት ቤታችን መሐላውን አፍርሷል ብሎ ስሙን ከአባላቱ ሰረዘው። ልጃገረዶቹ የተቀበሩ ዕለት ሕዝቡ መንገዱን ሞላው፤ ናታንን የሸኙት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ከቀብሩ በኋላ ሚስቱ ፊቢ እኛ ቤት መጣች። ልጇ ታማር፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ፣ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች። እናቴ ወንበር ሳበችላት፤ ፊቢ አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ» አለች። «እዚሁ፣ ልጄም ልጅዎም እየሰሙ ይመልሱልኝ። ናታን ሰክሮ ነበር?»

አባቴ የተጠቀለሉ እጆቹን አነሳ። «እነዚህን እጆች እያየሽ ትጠይቂኛለሽ?»

«እያየኋቸው ነው። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው።»

«ሐዘንሽን አከብራለሁ ፊቢ። ሂጂና ዕረፊ።»

ፊቢ ወደ እናቴ ዞረች። «እመቤቴ፣ እርስዎስ?»

እናቴ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችው።

ምስጋና ቢስ ሴት ብዬ አሰብኩ። ባሏን ሊያወጣ ብሎ እጁ የተቃጠለ ሰው ፊት እንዲህ ይቆማል? ታማርን በዓይኔ ቆነጠጥኳት፤ እሷም ዓይኗን ሳትሰብር አየችኝ። ብዙም ሳይቆይ አልጋና ወንበር የተጫነበት የእጅ ጋሪ እየገፉ በበራችን ሥር አለፉ። የት ነው የሚሄዱት ስላት ሠራተኛችን «ዘመዶቻቸው ዘንድ» አለችኝ። ወደ ተሻለ ቤት የሚዛወሩ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩላቸው። የነበሩበት ቤት የአባቴ ነበር፤ ለአዲሱ እሳት ጠባቂ ስለሚያስፈልግ አስወጥቷቸዋል።

አባቴ ከዚያ በኋላ ትልቅ ሰው ሆነ። ትምህርት ቤት ሠራ፣ የሕዝብ መናፈሻ ከፈተ፣ ለጸሎት ቤቱ ኦርጋን ገዛ። አዲሱ ቦይለር ሲተከል በእናቴ ስም «ሊዲያ» ብሎ ጠራው፤ በነጭ ቀለም ጎኑ ላይ አስጻፈ። ለምረቃው ሠራተኛው ሁሉ ሥጋና ድንች በላ። እናቴ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። ከዚያ በኋላም ወደ ፋብሪካው ወርዳ አታውቅም።

አባቴ የሞተው ከፍንዳታው ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ አሮጊቷ ንግሥታችን በሞተች ዓመት ነው። ፋብሪካውን የወረሰው ታናሽ ወንድሜ በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ የእብነ በረድ ሰሌዳ ሊያሠራለት ተነሳ፤ «ለሠራተኞቹ ሲል ሰውነቱን ለእሳት የሰጠ» የሚል። በምረቃው ላይ ቃል እንዳሰማ እኔ ተመረጥኩ። እኔ በዮርክ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ ንግግር አይከብደኝም። አንድ መልካም ሐሳብም መጣልኝ። የናታን ክሌግን ልጅ ፈልጌ እጋብዛታለሁ። አባቷ በሞተበት ቦታ አባቴ ተቃጥሏል፤ አብረን ብንቆም ያምራል አልኩ። ይህን ሐሳብ የወደድኩት እኔ ነኝ፤ ትልቅ ሴት፣ ታሪክ የማስተምር።

ታማርን ፕሬስተን ከተማ ውስጥ አገኘኋት። የሥጋ ኬክና ሻይ የምትሸጥ ጠባብ ሱቅ አላት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ሊያወጣው የገባ ነው ያሉት፣ እመቤቴ?»

«አዎ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ምን ይዞ ሲወጣ አዩ?»

«በኮቱ የጠቀለለው ነገር ነበር። ሕፃን መስሎኝ...»

ታማር ሳቀች። ደስታ የሌለበት፣ አጭር ሳቅ ነበር። «እሳት ቤት ውስጥ ሕፃን ምን ይሠራል? ብረቱን ነው ይዞ የወጣው። አባቴ ማታ ማታ ሾርባው እየቀዘቀዘበት የሚያወራልን ስለዚያ ብረት ነበር። ፖሊስ ሳይመጣ ከክዳኑ ክንድ ላይ ነቅሎ ኩሬ ውስጥ ጣለው። የጋለ ብረት ነው፤ እጁን ያቃጠለው እሱ ነው። አባቴ ግንቡ ሥር ሆኖ ይጣራ ነበር። በአጠገቡ አልፎት ነው የገባው፣ በአጠገቡ አልፎት ነው የወጣው።»

«ማን አየ?»

«ማን ያላየ አለ? ግቢው ሙሉ ሸማኔ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የሚተኙበት ቤት የአባትሽ፣ የሚበሉበት ሥራ የአባትሽ፤ ማን አፉን ይክፈት? የማታውቁት እናንተ ቤት ያላችሁት ብቻ ናችሁ።» አንቱታው ቀርቷል። «ያ ጠርሙስም። ብራንዲ ነው አሉ። እኛ ሰፈር የሚጠጣ ሰው እንኳ ቢራ ነው የሚጠጣው። አባቴ ብራንዲ ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር።»

ያኔ ነው የሚስተር ሻርፕልስ እጅ ራሴ ላይ ያረፈው። አዎ የእኔ ቆንጆ። ለቆሰሉት። የማውቀውን ነገርኳት፤ ጠርሙሷን፣ ኮቱን፣ የቁልፉን ድምፅ። ታጽናናኛለች ብዬ ሳልጠብቅ አልቀረሁም፤ እንባዬ መጥቶ ነበርና።

«እዚህ አታልቅሺብኝ» አለች ታማር። «ደንበኛ ይገባል። የምትናገሪ ከሆነ እዚያ ተናገሪ። ስለ ብረቱም ስለ ክዳኑም ተዪው፤ ይከራከሩሻል። አባቴ አልሰከረም በይ። ስሙን የሰረዙት እዚያ ነው፣ እዚያው በይ። እመጣለሁ፤ ላይኛው ሰገነት ላይ እቀመጣለሁ።»

መጣች። ጥቁር ባርኔጣ አድርጋ ከሸማኔዎቹ መካከል ተቀመጠች። ታች የከተማው ትልልቅ ሰዎች፣ ወንድሜ፣ እናቴ በጥቁር ልብስ፣ ሰሌዳውን የሸፈነውን ጨርቅ ሊገልጥ የተዘጋጀው ሽማግሌው ሚስተር ሻርፕልስ። ተነሳሁ። የጻፍኩትን ንግግር ኪሴ ውስጥ ተውኩት።

«ናታን ክሌግ አልሰከረም ነበር» አልኩ። «ኪሱ ውስጥ የተገኘው ጠርሙስ የእኛ ቤት ነው። አባቴ ውሰድ ሲለው፣ ሚስተር ሻርፕልስም ኮቱ ሥር ይዞት ሲወጣ አይቻለሁ።»

ወንድሜ ብድግ አለ። «እህቴ ሐዘኑ ጎድቷታል። ይቅርታ አድርጉላት።»

ሚስተር ሻርፕልስ ጨርቁን ሳይለቅ በርኅራኄ አየኝ። «ስምንት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ነበረች» አለ ለጉባኤው። «ሕፃን ምን ታያለች? ያየችውንስ ምን ታውቃለች?»

ታች ያሉት ሁሉ ተነፈሱ። መልሱን ወደዱት።

ያኔ እናቴ ተነሳች። ለመነሳት ጊዜ ፈጀባት፤ የፊቷን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ ነው የቆመችው።

«እኔ ሕፃን አልነበርኩም» አለች። «ቁም ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ቁልፉ ከእኔ ነበር። ለምን እንደፈለጉት አውቄ ነው የከፈትኩት። ናታን አልሰከረም።»

ተቀመጠች። ሚስተር ሻርፕልስ ጨርቁን ለቀቀ፤ ሳይገለጥ ቀረ። ወንድሜ በሌላ ቀን ያለ ሥነ ሥርዓት አስገለጠው፤ ሰሌዳው ዛሬም እዚያው ግድግዳ ላይ አለ። የናታን ስምም በዚያው ወር ወደ አባላቱ ዝርዝር ተመለሰ። ጸሎት ቤቱ ሁለቱንም ይዞ ይኖራል፤ ማንንም የሚረብሽ አይመስልም።

ስንወጣ ያካፋል። ታማር አጥሩ በር ላይ ሻርፓዋን እያሰረች ነበር። እናቴ በቀጥታ ወደ እሷ ሄደች።

«ታማር፣ አንድ ቃል ብቻ...»

«እናቴ ዘንድ ነበር መምጣት የነበረብዎት» አለች ታማር በጨዋነት። «ሞታለች።» ለእኔ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችኝና ወደ ባቡር ጣቢያው ወረደች።

ወንድሜ ጋሪውን ይዞ ሄዷል። ዳገቱ ረጥቧል፤ እናቴ ብቻዋን ብትወጣው ትወድቃለች። ክንዴን ሰጠኋት። ቀላል ሴት ነች፤ ያን ዕለት ግን ከበደችኝ። ክፉውን ከአባቴ ጋር መቅበር ቀሎኝ ነበር፤ ይህቺኛዋ ግን ክንዴ ላይ ተንጠልጥላ ትተነፍሳለች። ሠላሳ ዓመት ፀጉሬን ያበጠረችው፣ ሻይ የቀዳችው፣ ለአባቴ ጓንት ያጠበችው በእነዚያ እጆች ነው።

ከዳገቱ ወገብ ላይ ቆም አለች። «አሁን ቀለል አለሽ?» አለችኝ።

«አላለኝም።»

«እኔንም» አለች።

«ቀለልም አይበልሽ» አልኳት። ከዚያ እስከ ቤታችን በር ድረስ ክንዷን እንደያዝኩ ዳገቱን ወጣን።